አበልጄ የወሰደው ቻናል

አበልጄ ቻናሌን ወሰደብኝ። ከነድምፄ፣ ከነፊቴ።

ሲከፈት ማንበብ አልችልም ነበር። አፍ ግን ነበረኝ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ቀበቶ እየሸጥኩ ስለ ፖለቲካ ስለፈልፍ አበልጄ ይሰማኝ ነበር። እሱ የሠርግና የልደት ቪዲዮ አቀናባሪ ነው፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት እኔ ነኝ።

«አንተ እኮ ሬዲዮ ነህ፤ ስልኬን ልደግንብህና እንልቀቀው» አለኝ።

ቻናሉን በራሱ ኢሜይል ከፈተው። የኔ ኢሜይል ከየት ይምጣ? በኛ ሰፈር ስልክ የሚችል ለማይችለው ይከፍትለታል፣ ቁልፉም፣ የይለፍ ቃሉ ማለቴ ነው፣ እሱው ጋ ይቀራል። ማንም ክፉ አያስብም።

ጠዋት ፒያሳን እዞራለሁ፣ የምለውን በጭንቅላቴ እደረድራለሁ፣ ከሰዓት ቆሜ እናገራለሁ፣ እሱ ይቆርጣል። ሰው ታክሲ ውስጥ ስለ መንግሥት ሲያወራ ለምን ድምፁን እንደሚቀንስ ተናገርኩ። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ፣ ተራው እሱ ቤት እስኪደርስ «ከተማዋ አማረች» ሲል ስለከረመ ጎረቤቴም ተናገርኩ። በዚያች ቪዲዮ ግማሹ ተመልካች አለቀሰ፣ ግማሹ ሰደበኝ። ስድቡን የሚያነብልኝ አበልጄ ነበር። አለዝቦ እንደሚያነብልኝ ያወቅኩት ማታ ትምህርት ገብቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ቆጥሬ፣ በራሴ ዓይን ሳየው ነው።

ያኔ ቁልፉን ስጠኝ አልኩት።

«ምን ሊያደርግልህ? እኔ አለሁ አይደል?»

«አለህ። ስጠኝ።»

«ሌባ ነህ እያልከኝ ነው?»

በሳምንቱ የቻናሉ ስም ተቀየረ። የሱ ፊት ወጣበት። የኔን ቪዲዮዎች ከታች ትቶ ከላይ የአርቲስት ሐሜት ይለቅበታል።

አበልጅ ፍርድ ቤት አይከሰስም። ቢከሰስም ሰፈሩ የሚጠላው ከሳሹን ነው። ስለዚህ የእድራችን ሽማግሌዎች ቸርችል ጎዳና ዳር ካለ ኬክ ቤት ሰበሰቡን። ደንቡ ይታወቃል፤ ፍርዱን ሳትሰማ «ያላችሁትን እቀበላለሁ» ትላለህ። አልኩ። ያን ያህል ዘመን ስናገር ኖሬ የሚቆጨኝ ቃል እሱ ብቻ ነው።

«የጠፋብህ ምንድነው ልጄ?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ቤት ነው? ዕቃ ነው?»

«ንግግሬ ነው አባባ።»

«ንግግርህማ ይኸው፣ አፍህ ውስጥ አለ!» ሁሉም ሳቁ።

«እኔ ባልቆርጠው ማን ይሰማው ነበር?» አለ አበልጄ። ውሸት አይደለም።

ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተንሾካሹከው ተመለሱ። «ጠብ ያመጣው ነገር ከመሃል ይውጣ። ቻናሉ ለከፈተው ይሁን። ያንተ ቪዲዮ ደግሞ ይጥፋ፣ ማንም በማንም ፊት እንዳይነግድ።»

«አባባ፣ ሌላ ቅጂ የለኝም።»

«እቀበላለሁ ብለሃል።»

አበልጄ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። አንድ በአንድ አጠፋቸው። እያንዳንዱን ርዕስ ከመሄዱ በፊት አነበብኩት። የዶሮ ማነቂያዋ ስትደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ነካት፣ ሄደች።

«በሉ ተነሱ፣ ተሳሳሙ» አሉን። ተሳሳምን። ሽማግሌዎቹ መረቁን፣ አሜን አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ያለቀው በጥቅምት፣ በአቦ ዕለት ነው።