ታቢታ ምኑን ትቀንስ?

በሲዳማ፣ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ምሥራቅ ሰፈር በአንድ ግቢ ስንኖር የታቢታ ቤትና የእኔ ቤት የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነበር። እኔ የሸዋ ልጅ፣ መምህርት ነበርኩ፤ እሷ ልብስ ሰፊ። ባሏ ኩማ አናጢ ነው። ሁለቱም የሲዳማ ልጆች፣ ሁለቱም የወንጌል አማኞች ነበሩ።

ታቢታ ወፍራም ሴት ነበረች። ይህን ስል ላማት አይደለም፤ ያኔ ውፍረት የሚያስከብር ነገር ነበር። ኩማ ከእሷ ጋር መንገድ ሲወጣ ኮራ ብሎ ነው የሚሄደው። ሚስቱን በደንብ ይዟታል ይባልለት ነበር፤ እሷም ይህን ስትሰማ ትስቃለች።

የ1976 ክረምት ላይ የስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ራሷን አዞራትና ወደቀች። እኔና ኩማ ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የተቀበለን ዶክተር ደምሴ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ በቅርቡ የተመደበ ወጣት ነበር። በረንዳው በበሽተኛ ስለተሞላ ጊዜ አልነበረውም። ግፊቷን ለካ፣ ሚዛን ላይ አቆማት፣ ከዚያ ቀና ሳይል እየጻፈ ተናገረ።

«ደም ግፊት አለብሽ። ክብደትሽን መቀነስ ይኖርብሻል። እንጀራ ቀንሺ፣ ጮማ ተዪ፣ እንቅስቃሴ አድርጊ።»

ታቢታ እሺ ብላ ወጣች። መንገድ ላይ ግን ቆም አለችና እንጀራ ማለቱን እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀችኝ። አማርኛው ጠፍቷት አልነበረም። እነሱ ቤት እንጀራ የሚቀርበው እንግዳ ሲመጣ ነው። የዘወትር ምግባቸው ቅቤ የገባበት ቆጮ ከጎመን ጋር ነበር። ጮማማ ከበዓል በቀር መች ታይቶ! ቢሆንም ሐኪም ያለው ነውና እንጀራን ጭራሽ ተወች፤ ምክሩ እንዲህ ቀላል በመሆኑም ደስ ብሏት ነበር። በሰው ቤት እንጀራ ሲቀርብላት እምቢ ትላለች፣ ከዚያ ርቧት ቤቷ ትመለስና ቆጮዋን ትበላለች።

በቀጠሮዋ ቀን ስትሄድ ክብደቷ ጨምሮ ተገኘ። ዶክተሩ ሚዛኑንም እሷንም አየና እንጀራ ቀንሳ እንደሆነ ጠየቃት። ጨርሳ መተዋን ነገረችው። ለሐኪም መዋሸት የሚጎዳው ዋሾውን ነው ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ አስጠራ።

ቤት ስትመጣ አልተቆጣችም፤ ግራ ገብቷት ነበር። የማትበላው ነገር እንዴት አድርጎ እንደሚያወፍራት ደጋግማ ጠየቀችኝ። እኔም የማውቀው የእንጀራን ነገር ብቻ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት የድርቁ ወሬ አገሩን ሞላው። ቀበሌው እርዳታ ለማሰባሰብ ስብሰባ ጠራ። ከበደ የሚባለው የቀበሌው ተመራጭ ስለ በዝባዦች ብዙ ከተናገረ በኋላ ዓይኑን ታቢታ ላይ አሳረፈ። ወገን በረሃብ በሚያልቅበት ጊዜ ጮማ እየቆረጡ የሚኖሩ እዚሁ መካከላችን አሉ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ታቢታ ተነሥታ የለበሰችውን ጋቢ አወለቀችና እርዳታው የተከመረበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቦታዋ ተመልሳ ስብሰባው እስኪያልቅ መሬት መሬት እያየች ተቀመጠች።

ስንመለስ «ሐኪሙም ጮማ አለኝ፣ እሱም ጮማ አለኝ» አለች። «ሁለቱም እንዲህ ያሉት ምን አይተው ነው?»

በዚህ መሐል የእትዬ ጸሐይወርቅ ነገር መጣ። እትዬ ጸሐይወርቅ የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ባለቤት ሲሆኑ፣ ልብሳቸውን ሁሉ የምትሰፋላቸው ታቢታ ነበረች። በሰውነት በጣም ስለሚመሳሰሉ የሳቸውን ቀሚስ ስትጨርስ በራሷ ላይ ነበር የምትሞክረው። ከፋሲካ በኋላ ቀሚሶቻቸውን አጥብቢልኝ ብለው አመጡ። ብዙም ሳይቆዩ እነዚያኑ ቀሚሶች እንደገና አመጡ። ታቢታ ሜትሯን በወገባቸው ዙሪያ ስታዞር ደነገጠችና ታመው እንደሆነ በቀስታ ጠየቀቻቸው።

እትዬ ጸሐይወርቅ ሳቁ። ደም ግፊት ተገኝቶባቸው ክብደት እየቀነሱ እንደሆነ ነገሯት። የኃላፊዎች ሚስቶች ጠዋት ጠዋት አንድ አዳራሽ ውስጥ ስፖርት ይሠራሉ፤ አሠልጣኝ አላቸው፤ ሐኪምም እየመጣ ይከታተላቸዋል። ታቢታ እሷም መምጣት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ለአባላት ብቻ መሆኑን ነገሯት፤ ግን ሴቶቹ ቱታ ማሰፋት ስለሚፈልጉ ልኬት ለመውሰድ ብላ ብትመጣ በረኛው እንደማይከለክላት ጨመሩላት።

አዳራሹ ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ እሷው ናት። ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ከግድግዳው ጥግ ቆመች። ሴቶቹ እጃቸውን ሲያነሡ ከኋላ ሆና እሷም ታነሣለች፣ ጎንበስ ሲሉ የቻለችውን ያህል ጎንበስ ትላለች። ስፖርቱ ሲያበቃ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዓሣና ብርቱካን ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። ከዚያ ሐኪሙ ገባ። ዶክተር ደምሴ ነበር።

መጀመሪያ እሱን የሚመስል ወንድም ያለው መስሏት ነበር። ይኸኛው ሰው አይቸኩልም። ከእያንዳንዷ ሴት አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ያዳምጣል። እትዬ ጸሐይወርቅ ጋ ሲደርስ ትናንት ቁርስ ምን እንደበሉ፣ ምሳቸውን ማን እንደሚሠራ፣ ጨው ይበዛበት እንደሆነ፣ እንቅልፋቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቃቸው። «እርስዎ» እያለ ነበር የሚያናግራቸው።

ታቢታ እግሯ እንዴት ወደ እሱ እንደወሰዳት አላወቀችም።

«ዶክተር፣ እኔን ምን እንደምበላ ጠይቀውኝ አያውቁም» አለችው።

ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ማን እንደሆነች ትዝ እስኪለው ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

«ምን ትበያለሽ?»

«ቆጮ። ጠዋትም ማታም።»

«እንጀራስ?»

«ተዪ ስላሉኝ ተውኩ። ድሮም እምብዛም አልበላም።»

ደምሴ ፊቱ ቀላ። ከዚያ «ስለ ቆጮ አላውቅም» አለ። «አልተማርነውም።»

ከሁሉ ያስፈራት ይህ መልስ ነበር። ሐኪም አላውቅም ካለ ማን ሊያውቅ ነው ብላ መንገዱን ሁሉ ስታስብ መጣች።

ከዚያ ቀን በኋላ ደምሴ ሰው ሲቀልለት እያስጠራ ያነጋግራት ጀመር። የምትበላውን አንድ በአንድ ጠየቃት። ቆጮውን በግማሽ፣ ቅቤውንና ጨውን ከግማሽም በታች አድርጊ፣ ጎመኑን ጨምሪ፣ ሐይቁ ቅርብ ነውና ዓሣ ብዪ አላት። ይህን ሁሉ እየገመተ እንደሚነግራት አልደበቃትም። አዳራሹ ግን ከዚያ ወዲህ ተዘጋባት። ሴቶቹ በልብስ ሰፊ ፊት ሐኪማቸው በማፈሩ ተቀይመው ነበር። እትዬ ጸሐይወርቅም ልብሳቸውን ሌላ ጋ መስጠት ጀመሩ፤ ለምን እንደሆነ ታቢታን አልነገሯትም።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን በቡሹሎ መንገድ ትሄድ ጀመር። የሚያገኛት ሁሉ ማን ሞተ እያለ ይጠይቃታል። የትም አልሄድም ብላ ስትመልስ ሰው ይበልጥ ይጨነቅ ነበር። ክብደቷ መቀነስ ሲጀምር ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። ጎረቤት ሊጠይቃት መጣ። እንድቀንስ ጸልዩልኝ ያለቻቸው የጸሎት ጓደኞቿ ቤቷ ተሰብስበው ከሚያከሳት ደዌ እንድትፈወስ ጸለዩላት። እሷም እንዳታሳፍራቸው አሜን አለች። ኩማ የሥራ ጓደኞቹ ሚስትህን ምን አገኛት እያሉ ስላስቸገሩት፣ ሳታየው ድርሻዋ ላይ ቅቤ ይጨምር ነበር። ስትደርስበት ምን ላድርግ አላት፤ ያስራባታል ይሉኛል።

በ1979 ደምሴ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተመድቦ ሄደ። ሊሰናበታት ጤና ጣቢያው ድረስ ቢያስጠራትም ስትደርስ መኪናው ተነሥቶ ነበር። ወሬውን እንኳ አልሰማንም። የእትዬ ጸሐይወርቅ ባለቤትም ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ፤ እሳቸው እዚያም ሐኪም እንደሚከታተላቸው፣ ጤናቸውም ደህና እንደሆነ ሰማን። ደምሴ ለታቢታ ያዘዘላት የግፊት መድኃኒት ግን አንዳንድ ወር ይመጣል፣ አንዳንድ ወር ይጠፋል። እሷም አንዳንድ ወር ትቀንሳለች፣ አንዳንድ ወር ትጨምራለች። ቆጮውን ግማሽ አድርጊ ያላት ሰው ስለሌለ ግማሹ የቱ እንደሆነ መጠራጠር ጀመረች።

ደርግ ሊወድቅ ዓመት ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ቡሹሎ መንገድ ላይ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት፤ አንደበቷም ተያዘ። መንገደኞች በጋሪ አመጡልን። ነፍሷ ተረፈች፤ አንደበቷም ተመለሰ፤ እጇ ግን መርፌ መያዝ አልቻለም። ኩማ ሥራውን እየተወ ጠዋት ጠዋት እሱ ራሱ ክንዷን ይዞ ያራምዳት ነበር። ሰው የት ትሄዳላችሁ ቢለው መንገዱን ይቀጥላል።

ልጠይቃት ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ሕመሙ ከምን እንደመጣብኝ ታውቂያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«በመቀነሴ ነው ወይስ ሳልቀንስ በመቅረቴ?»

ኩማ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። እሱም መልሱን ከእኔ እንደሚጠብቅ ከፊቱ አየሁ። አላውቅም አልኳቸው።