ጥንዱ ገጽ

ፕሪንተሩ ትኩስ ወረቀት ሲተፋ የሚመጣው ሽታ ሁልጊዜ ከጋምቤላው ቢሮዬ አንስቶ መቲ ከተማ፣ አባቴ ያስተምርበት የነበረው ክፍል ውስጥ ያስቀምጠኛል።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አንዲት ፊደል ብትበላሽብኝ ገጹን በንዴት ገነጠልኩት። አባቴ ደብተሬን አንስቶ አራገፈው። ከገነጠልኩት ጋር ጥንድ የነበረው ገጽ የትናንት የቤት ሥራዬን እንደያዘ መሬት ወደቀ።

«አየሽ ልጄ፣ ዛፍም ብቻውን አይወድቅም» አለኝ።

እኔ የቆጨኝ የቤት ሥራዬ ብቻ ነበር። በመስኮቱ የሚታየው ጫካ ያኔ ማለቂያ ያለው አይመስልም ነበር።

ዛሬ አለቃዬ ሪፖርቱ ላይ አንድ ቃል ተሳስቶ አገኙና «ሙሉው እንደገና ይታተም» አሉኝ። እስክሪብቶ አውጥቼ ቃሉን በእጄ አረምኩና መልሼ ሰጠኋቸው።

ባለፈው ወር መቲ ሄጄ በዚያ ክፍል መስኮት ወደ ውጭ አይቻለሁ። አሁን እስከ ማዶው መንገድ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል።