ስም ሳልጠራ ያስቆምኩት ሰው

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ከሠራ ወዲህ ሰው ንጉሥ የሚለውን ቃል መጥራት ትቶ ነበር። ከዚያ በፊት ማንም የተበደለ፣ ድኻ ሴት እንኳ ብትሆን፣ የበደላትን ሰው መንገድ ላይ «በንጉሥ አምላክ ቁም!» ካለችው መቆም ነበረበት። ከመንገደኛው መካከል አንድ ሽማግሌ ይመረጥና እዚያው ይዳኛቸዋል። የአገር ሰው መሆን ማለት ለእኔ ይህ ነበር። አሁን ግን የትኛው ንጉሥ? የእኛን የጠራ ለምሽጉ ይነገርበታል። የጣሊያንን የጠራ ደግሞ በረሃ ላሉት አርበኞች ይነገርበታል። ስለዚህ የተበደለ ሁሉ አፉን ይዞ ይሄድ ነበር።

አባቴ በረሃ ከገባ በኋላ እኔና እናቴ ብቻችንን ነበርን። አንድ የገበያ ቀን ውኃ ቀድቼ ስመለስ ጊደራችን ከደጅ የለችም። ኮቴዋን ተከትዬ ስሮጥ ጎረቤታችን ወደ ቡሬ ሲነዳት ደረስኩበት። ሰውየው ለምሽጉ እንጨት ያቀርባል። ቤታችን እየመጣም የአባቴን ደኅንነት ይጠይቃል፤ እናቴ ሁልጊዜ «አላየነውም» ትለዋለች።

«ጊደሯ የእኛ ናት፤ ይልቀቁልን» አልኩት። ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

«አባትሽ ሸጦልኛል።»

«መቼ?»

«እሱን ጠይቂዋ! ያለበትን ታውቂ የለ?»

ዞሬ ከጊደሯ ፊት ቆምኩ።

«እንግዲያው አስቁሚኛ። በማን እንደምትይኝ ልስማ» ብሎ ሳቀ።

ጊደሯን ብቻ እንዳልፈለገ ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። ከአፌ የሚወጣውን ስም ይጠብቅ ነበር።

ሰው ፊት ቀና ብዬ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፤ የነጠላዬን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ እንዲህ ይቆራኙ ነበር።

ገበያተኛው ከበበን። ጨው የተሸከመች ሴት «ሙሽሮቹ፣ ድግሱ የት ነው?» ስትል ሁሉም ሳቀ። ፊቴ ነደደ፤ ቋጠሮውን ግን አልለቀቅኩም።

አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ቆሙና «በማን አስቆምሽው?» አሉኝ። ሳቁ ቀጥ አለ። እሳቸውንም ጠረጠርኳቸው።

«ማንንም አልጠራሁም፣ አባባ። አሰርኩት እንጂ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ሰውየው ዞሩ።

«ጊደሯ ያንተ ናት?»

«የእኔ ናት።»

«ወጉን ታውቃለህ። በንጉሡ ስም ማልና ንዳት።»

ጎረቤታችን ዙሪያውን ቃኘ። የማን ልጅ በረሃ እንዳለ፣ የማን ወንድም ምሽጉ ውስጥ እንደሚያድር በምን ይለያል?

«በየትኛው...» ብሎ ጀመረና ዋጠው።

«አንተ ምረጥ» አሉት።

አልመረጠም። ቋጠሮውን በገዛ እጁ ፈታና «ለአንዲት ጊደር ከልጅ ጋር አልካሰስም!» ብሎ ሄደ።

ጊደሯን ይዤ ስገባ እናቴ ደስ አላላትም። «ሰው ፊት ተዋርዶ ዝም የሚል ሰው አይደለም» አለችና ወንድሟን አስጠርታ ጊደሯን ወደ አገሩ ወደ ፈረስ ቤት አስነዳቻት። ጊደሯ እዚያ ወለደች። ወተቷን አልቀመስንም፤ የእኛ መሆኗን ግን ማንም አልካደንም።

የጎረቤታችን ሚስት እሳት ልትጭር እየመጣች ደጋግማ ትጠይቀኛለች።

«ለመሆኑ ያን ቀን በልብሽ ማንን ነበር የጠራሽው?»

«እሳቱ ጠፍቷል» እላታለሁ።