ፎርትናይት አርባ ሌሊት አይደለም

ትናንት ስለ ጊዜ የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ሳስተምር፣ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ፎርትናይት ምን ማለት ነው?» አለችኝ። «ሁለት ሳምንት» ብዬ መለስኩላትና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ፊቴን እንድታይ አልፈለግኩም። ከሃያ ዓመት በኋላም ይህ ቃል ደሜን ያፈላዋል።

ያን ክረምት በጸሐፊነት ሙያ ተመርቄ ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። ሀዋሳ መሃል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ጸሐፊ ሊቀጥር የእንግሊዝኛ ፈተና ሰጠን። ውጤቱ ሲለጠፍ አስቴር የምትባል ልጅ በአንድ ነጥብ በልጣኝ አንደኛ ወጣች። ወረቀቴን ልይ ብዬ ፈተናውን ያረመው ኃላፊ ቢሮ ገባሁ። የንጋቱም፣ የቀትሩም፣ የምሽቱም ቃል ልክ ነው። ሁለት ነጥብ የሚይዘው፣ «ሁለት ሳምንት» ብዬ የተረጎምኩት ፎርትናይት ላይ ግን ቀይ ኤክስ ተሰምሮበታል።

«ፎርቲ ስንት ነው?» አለኝ ኃላፊው።

«አርባ።»

«ናይት?»

«ሌሊት።»

«ታዲያ አርባ ሌሊት ነዋ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፎርቲ አይደለም። አሥራ አራት ሌሊት ከሚለው የመጣ ነው፣ ይኸው ይመልከቱ» ብዬ መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩለት። ሳያየው ከደነውና «የሚቀጥረው መሥሪያ ቤቱ ነው፣ መጽሐፍ አይደለም» አለኝ።

ስወጣ ዝናቡ መንገዱን ጎርፍ አድርጎታል። አስቴር በረንዳው ላይ ተጠልላ የተጠበሰ በቆሎ ትበላለች። እንባዬን ስታይ ከሁለት ሰብራ ሰጠችኝ። የሆነውን ስነግራት ማኘኳን አቆመች።

«እኔም እኮ ሁለት ሳምንት ብዬ ነው የጻፍኩት። ልክ ተብሎልኛል።»

ለካ ሰውዬው ቃሉ ጠፍቶት አልነበረም! የሚያስገባትን አስቀድሞ መርጦ ኖሯል። አስቴር አባቷ ሞቶ ሦስት ታናናሾቿን የምታሳድግ ልጅ ነበረች፤ ቢሆንም ክንዴን ይዛ መልሳ አስገባችኝ።

«የእሷም መልስ ልክ ነው፣ እኔም እንደዚያው ነው የጻፍኩት» አለችው።

ኃላፊው ቀና ብሎ አያት። «ሥራውን አልፈልግም እያልሽ ነው?»

አስቴር አቀረቀረች። «እንደሱ አላልኩም» አለች፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። ሁለታችንንም ከቢሮው አስወጣን። በሳምንቱ አስቴር ሥራ ጀመረች፤ እኔ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀመጥኩ፣ ከዚያ መምህርነት ተማርኩ። እሷን አልተቀየምኳትም። እሱን ግን ንስሐ አባቴ ይቅር በይው ቢሉኝም እሺ አላልኩም።

ሰዎች «እግዜር የተሻለ ሰጠሽ» ይሉኛል። ይሁን፤ የተሰጠኝ የተወሰደብኝን ትክክል አያደርገውም። ባለፈው ወር አንድ ተማሪ ነጥብ ቀንሰሽብኛል ብሎ መጣ። ሳየው እውነቱን ነው። ሰርዤ አስተካከልኩለት፣ አመስግኖኝ ሮጠ። ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ተቀምጬ፣ ያ ኃላፊ ይህችን ታህል ነገር ነው የከለከለኝ ብዬ እንደ አዲስ ተናደድኩ።