አንድ ሳፋ ወጥ

ከውጫሌ የወሰዱኝ በጠዋት ነው። መንግሥት የሽንኩርትና የጤፍ ዋጋ ከተመነ ገበያው ባዶ ይቀራል ብዬ ፌስቡክ ላይ ጽፌ ነበር። ሐይቅ ከተማ አድርሰው አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። ቤቱ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል፤ ከጣሪያው ሥር ባለች ቀዳዳ የሐይቁ ነፋስ ይገባል። ቤተሰቦቼ የት እንዳለሁ ስለማያውቁ ስንቅ የሚያመጣልኝ ሰው አልነበረም።

ግን አልተራብኩም። ምሳ ሲደርስ "ና ወዲህ ቁረስ" የሚለኝ እስረኛ አይጠፋም። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ሙስሊሙ የሥጋ ወጡን ዘወር አድርጎ ሽሮውን ያቀርብልኛል፤ ክርስቲያኑም ለሙስሊሞቹ እንዲሁ። ያዘዘን የለም፤ ወሎ ስናድግ የለመድነው ነው።

አንድ ቀን ከወሎ ውጪ የመጣ፣ ልማዳችንን የማያውቅ አዲስ ኃላፊ ተመደበ። ባዶ እጄን መቀመጤን አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ። "ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል" አለና ከየቤቱ የመጣውን ሁሉ አንድ ሳፋ ላይ አስገለበጠ። እስላም ያረደውም፣ ክርስቲያን ያረደውም፣ ሽሮውም አብሮ ተማሰለ። እጁን የሰደደ አልነበረም። ኃላፊው ግራ ገባው፤ እኛ ሆዳችን እየጮኸ ሳቃችን መጣ። ለእኔ ታስቦ በተደረገው ነገር ሁላችንም ጦማችንን ዋልን።

በማግስቱ ወሬው በየቤቱ ደርሶ ኖሮ ስንቁ ቀነሰ። ከተተመነው ዋጋ በላይ ዓሣ ሸጠሃል ተብሎ የታሰረ አንድ ሙስሊም ዓሣ አጥማጅ ነበር። እህቱ የተጠበሰ ዓሣ ላከችለት። ኃላፊው ሳፋውን ሲያሳየው ዓሣውን ደረቱ ላይ ያዘ።

"ወላሂ አልጨምረውም። ለዚህ ወንድሜ ላካፍለው ነው።"

"ሳፋው ውስጥ ብትጨምረውስ ያው ይደርሰው የለም?"

"እኔ ስሰጠው ነው ሰጠሁት የምል። እናንተ ከወሰዳችሁትማ ምኑን ሰጠሁት?"

"እንግዲያው ነገ ስንቅ አይገባልህም።"

"ኸይር ነው" አለና ፊቴ ተቀመጠ። ዓሣ አራጅ አይፈልግም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል። ለሁለት ከፍሎ ሥጋ የበዛበትን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

"ብላ እንጂ ወንድምዓለም። አጥንቱን ብቻ ጠንቀቅ በል።"

በነጋው እህቱን ከበር መለሷት።

ከተፈታን ቆየን፤ ዛሬም ዋጋ መተመን ጥፋት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ወደ ደሴ ስሄድ ሐይቅ ላይ እወርድና ያ ዓሣ አጥማጅ ዘንድ ዓሣ እበላለሁ። ስለዚያ ቀን ላመሰግነው ስጀምር ወሬ ይቀይርብኛል። እኔ ግን ውለታውን አልረሳም። ያን ቀን እሱም ርቦት ነበር፤ ዓሣው የራሱ ነበር፤ ሊከለክለኝም ይችል ነበር።