የመስከረሟ ነጥብ

ባለቤቴ አሰላ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ያጠናችው ደግሞ ከኔፕቱን ማዶ የምትዞር አንዲት በረዷማ አለት ነው። እኔ እህል ነጋዴ ነኝ። «በዓይንሽ አይተሽ የማታውቂያትን እንዴት ትከታተያታለሽ?» ስላት፣ «አንተስ ከሮቤ ስንዴ የጫነው መኪና መቼ እንደሚደርስ በምን ታውቃለህ? በስንት ሰዓት የት እንዳለፈ ጠይቀህ አይደል?» አለችኝ። ሥራዋ ይኸው ነው፤ አለቷ መቼ የት እንደታየች ሰብስቦ፣ ወደፊት የት እንደምትገኝ ማስላት።

ቴሌስኮፑ ያለው ባሕር ማዶ ነው። ምስሉን በኢንተርኔት ስለምትቀበል ጭላሎ ላይ ደመና ቢተኛም አይገዳትም። ቀኑን ግን በእኛው አቆጣጠር ትጽፍና ለስሌቱ ወደ ፈረንጆቹ ትለውጠዋለች።

አለቷ የታየችባቸው ሌሎቹ ነጥቦች መስመር ሲይዙ፣ የመጨረሻዋ፣ በመስከረም የታየችው፣ አፈነገጠች። አማካሪዋ በስልክ «ጣያት፤ ምስሉ ተበላሽቶ ይሆናል» አሏት። ብትጥላት ያለ ችግር ትመረቃለች። ያለ እሷ ግን የአለቷ መንገድ በትክክል አይታወቅም፤ ጠፍታ ልትቀርም ትችላለች። ባለቤቴ «ምክንያቱን ሳላውቅ አልጥላትም» ብላ እምቢ አለች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ቤታችን ውስጥ ግን ስንት ወጥ አረረ። ያኔ ተናድጄባት ነበር፤ ዛሬ እኮራባታለሁ።

ገና ሲቃረብ፣ «ዘንድሮ በዓሉ በሃያ ስምንት ስለሆነ በጉን አስቀድሜ ከዴራ ላምጣ» አልኳት።

ከኮምፒውተሯ ቀና አለች። «በሃያ ዘጠኝ አይደል እንዴ?»

«ዘመነ ዮሐንስ እኮ ነው። ጳጉሜ ስድስት ሆና አልፋ የለ?»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን መስከረም አንድ የሚውለው ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት ነው፤ እሷ እንደ ወትሮው በአሥራ አንድ አስልታዋለች። አለቷ ከመንገዷ አልወጣችም፤ ቀኑ ነው በአንድ የተዛነፈው።

ወዲያው ደውላ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቀን አሳስቻለሁ» አለቻቸው። እኔ ብሆን በምስሉ አላክክ ነበር።

አማካሪዋ ቴሌስኮፑ እሷ ባሰላችው አዲስ ቦታ ላይ እንዲያነጣጥር አስደረጉላት። ምስሉ ሲመጣ፣ ልክ እዚያው ላይ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ አለች። እንኳን ደስ አለሽ ልላት ስዞር ታለቅሳለች።

«እሺ ብዬ ጥያት ቢሆን ኖሮ» አለችኝ፣ «ማንም አይፈልጋትም ነበር።»