ትከሻውን ሲነኩት

ባንታምላክ በሱዳን፣ በገዳሪፍ የሎሪ ተራ ሰሊጥ ጫኝ ነው። አንድ ወጣት አዲስ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የሞላ ሻንጣውን እንደ ሰሊጥ ነዶ በጉልበቱ ተጭኖ በገመድ ሲያስር አየውና ሊያግዘው ጠጋ አለ። እንደ ሱዳኖቹ ሰላምታ ከኋላው ትከሻውን ቸብ አደረገው። ወጣቱ በቅጽበት ዞሮ ጉሮሮውን አነቀና ከሎሪው ጋር አላተመው። የባንታምላክ አፍ በደም ተሞላ።

«ያ ዞል! አንተ ሰው! ሰላም ልልህ እኮ ነው!»

የወጣቱ እጅ ላላ። ከኮሌታው ሥር የካራ ጠባሳ ብቅ ብሏል።

«ይቅር በለኝ ወንድምዓለም። ለአንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ባሕር ማዶ ልሄድ ነው። እዚያ ሰው ብመታ ያባርሩኛል። እባክህ፣ እንደገና ንካኝ።»

ባንታምላክ ደሙን እንትፍ ብሎ ነካው። ወጣቱ አልዞረም፤ የገዛ ከንፈሩን ነከሰና ደሙ በአገጩ ወረደ።

«አሁን ደግሞ» አለ፣ «ሳላስበው ንካኝ።»